ለሳሎን ሁለት ስፒከር ወይስ አምስት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ለቤት ስቴሪዮ (ሁለት ስፒከር) ይሻላል ወይስ ሰራውንድ (አድማጩን ከፊትም ከኋላም የሚከብቡ አምስት ስፒከሮች)? ዋናውን ጥያቄ ሰፋ አድርገን መልሰን ከእሱ ጋር የሚያያዙትን አስከትለናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሳሎናችን 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ አለው። እኔ የቆዩ ዘፈኖችን ረጋ ብዬ መስማት እወዳለሁ፤ ባለቤቴና ልጆቼ ደግሞ ፊልም ነው የሚያዩት። ያጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገዛልን። ሻጮቹ «ባለ አምስቱን ውሰድ፣ ያው ዋጋቸው አንድ ነው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢ፣ ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ ለእርስዎ ቤት የምንመክረው ስቴሪዮ ነው። ምክንያቱን ካወቁ ሻጭ ፊት ሲቆሙ ስለማይቸገሩ በዝርዝር እንየው።

«ዋጋቸው አንድ ነው» የሚለው አባባል ራሱ መልሱን ይዟል። በአንድ ካርቶን በሚመጣ ሆም ቴአትር ውስጥ አምስት ስፒከር፣ ሳብውፈር (ለባስ ብቻ የሚሠራ ስፒከር)፣ አምፕሊፋየርና ማጫወቻ አለ። ያው ገንዘብ ለስምንት ተካፍሏል ማለት ነው። ስለዚህ በርካሾቹ ላይ ስፒከሮቹ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኮን (እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ክብ) ብቻ ያላቸው፣ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) የሌላቸው ቀላል የፕላስቲክ ሳጥኖች ናቸው። ይህን የሚያህል ኮን ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በቅጡ አያወጣም፤ ጎደሎውን ለመሙላት ሳብውፈሩ ከድርሻው በላይ እንዲሠራ ይደረጋል። የወንድ ዘፋኝ ድምፅ ሙላት፣ የቤዝ ጊታሩ መስመርና የከበሮው አካል የሚያርፉት ደግሞ እዚያው መጋጠሚያው አካባቢ ነው። ውጤቱ ከታች የሚደበድብ፣ ከላይ የሚጮህ፣ መሀሉ ግን የሳሳ ድምፅ ነው። በዚያው ገንዘብ ከ13 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ኮን) እና ለብቻው ትዊተር ያላቸው ሁለት የእንጨት ሳጥን ስፒከሮች ከተገኙ ይህ ክፍተት አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚሰሙት ነገር ነው። አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረበት ዘመን አንስቶ በካሴት፣ በሲዲም ሆነ ዛሬ በስልክ የምንሰማው የአገራችን ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የተቀናበረው ለአንድ ወይም ለሁለት ቻናል (ለየብቻው ለሚሄድ የድምፅ መስመር) ነው። ሳክስፎኑ ወደ ግራ፣ ኦርጋኑ ወደ ቀኝ፣ ዘፋኙ መሀል የሚቀመጡት በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ባለው የድምፅ ልዩነት ነው። መሀል ላይ ምንም ስፒከር ሳይኖር ዘፋኙ ከመሀል የሚሰማው ሁለቱም ስፒከሮች ድምፁን እኩል ስለሚያወጡት ነው። ይህን ቅጂ በአምስት ስፒከር ማጫወት ይቻላል፣ ነገር ግን በቅጂው ላይ ያልነበረ ነገር አይጨምርለትም።

ሦስተኛው የሶፋው አቀማመጥ ነው። 5.1 የሚባለው የአምስት ስፒከርና የአንድ ሳብውፈር አሠራር የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች ከአድማጩ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይፈልጋቸዋል፤ ከፊት ለፊት ተነስቶ ሲለካ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ማለት ነው። የእኛ ሳሎኖች ግን ሶፋቸው ሁለትና ሦስት ግድግዳ ተጠግቶ የተደረደረ ነው። የኋላው ስፒከር ሲሰቀል ከአንዱ እንግዳ ጆሮ ብዙም ሳይርቅ ይውላል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከፊልሙ ይልቅ ያንን ስፒከር ብቻ ነው የሚሰማው።

ስቴሪዮ የሚሸነፍበት ቦታም አለ፤ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በሁለት ስፒከር ትክክለኛው ቦታ መሀል ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ጥግ የተቀመጠ ሰው የቀኙ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርሰው ንግግሩ ሁሉ ከዚያ ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ስክሪኑ ሌላ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ይሆንበታል። ብዙ ሰው ለዚህ መፍትሔው የኋላ ስፒከር ይመስለዋል። መፍትሔው ግን ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው የመሀሉ ስፒከር ነው። በ5.1 ፊልም ላይ አብዛኛው ንግግር የሚወጣው በእሱ ስለሆነ፣ ሰው የትም ቢቀመጥ ድምፁ ከስክሪኑ ይመጣል።

ስለዚህ ወደፊት ለመጨመር ሐሳብ ካለዎት ባለ 5.1 ኤቪ ሪሲቨር (ስፒከሮቹ ሁሉ የሚሰኩበት አምፕሊፋየር ነው፤ የዲሹን ሪሲቨር ማለታችን አይደለም) ፈልገው ለጊዜው ሁለት ጥሩ ስፒከር ብቻ ይስኩበት። በስፒከር ሴቲንጉ ላይ የመሀሉን፣ የኋላዎቹንና ሳብውፈሩን «የለም» ብለው መመዝገብ አለብዎት። ይህን ሲያደርጉ ሪሲቨሩ የመሀሉንና የኋላዎቹን ድምፅ ለሁለቱ የፊት ስፒከሮች ያካፍላል። ሳያደርጉት ቢቀሩ ንግግሩ ወደሌለ ስፒከር ይላክና ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ብቻ ያያሉ። በኋላ አቅም ሲፈቅድ መጀመሪያ የመሀሉን፣ የሚቻል ከሆነ ከፊቶቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ይግዙ። ቀጥሎ ሳብውፈሩ ይመጣል፤ የኋላዎቹ የመጨረሻ ናቸው። በሦስት ስፒከርና በአንድ ሳብውፈር መቆምም ይቻላል፤ ለአብዛኛው የአዳማ ሳሎን እዚያ ላይ መቆም ጥሩ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንምጣ፤ ጥሩ ስፒከር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በእርስዎ ሳሎን ስፒከሮቹን ባለ 5 ሜትሩ ግድግዳ ላይ ያድርጓቸው። በመካከላቸው 2.8 ሜትር ያህል ይተዉ፤ ከጎን ግድግዳዎቹ ከ1 ሜትር በላይ ይርቃሉ ማለት ነው። ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያርቋቸው። ከፊት ለፊት ያለውን ሶፋ ደግሞ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ይሳቡት። ባስ ግድግዳ ላይ ስለሚከማች፣ ጭንቅላቱን ግድግዳ አስጠግቶ የሚሰማ ሰው ከሌላው የበለጠ ጉርምርምታ ይሰማል። በዚህ አቀማመጥ ከእያንዳንዱ ስፒከር 3 ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ሁለቱ ስፒከሮችና እርስዎ ወደ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን የተጠጋ ቅርጽ ትሠራላችሁ።

ትዊተሩ ተቀምጠው ሳለ ጆሮዎ ካለበት ቁመት ጋር ይስተካከል፤ በተለመደው ሶፋ ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን መክተት ግን አይሆንም። ሳጥን ውስጥ የገባ ስፒከር ባሱ ያብጣል፣ ንግግሩ ይታፈናል፣ ብርጭቆውም አብሮ ይንጫጫል። ቡፌው ላይ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ ከሌለ ፊታቸው ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ወደ ፊት ይሳቧቸውና ከሥራቸው ከባጃጅ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጡ አራት አራት ቁራጮች ያድርጉ።

የሴራሚክ ወለልና የተለሰነ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳሉ። ሳሎኑ መሀል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ «ዝርርር» የሚል ጭራ ከተሰማ ስፒከሩን ከመለወጥ በፊት ክፍሉ መታከም አለበት። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል 2 በ3 ሜትር የሆነ ወፍራም ምንጣፍ፣ እስከ ወለል የሚወርድ ከባድ መጋረጃ፣ በባዶው ግድግዳ ላይም የመጻሕፍት መደርደሪያ ብዙ ለውጥ ያመጣሉ። ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ በሞኖ (በአንድ ቻናል) የተቀዳ አንድ የቆየ ዘፈን ያጫውቱ። መሀል ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሀል፣ ከአንዲት ጠባብ ቦታ መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ያኛው ስፒከር ይቀርብዎታል ማለት ነው፤ በሜትር ለክተው ያስተካክሉ። በሳሎኑ ሁሉ ተበትኖ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ደግሞ ከሁለቱ የአንዱ ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መሆኑን በአምፕሊፋየሩም በስፒከሩም በኩል ያረጋግጡ። በተገላበጠ ሽቦ አንዱ ኮን ሲወጣ ሌላው ስለሚገባ ባሱ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ «ስፒከሩ ባስ የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አንዳንዴ በሽታው ይህ ብቻ ነው።

ስለ ዋት አጭር ነገር እንበል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፒኤምፒኦ ቁጥር ለማስታወቂያ ነው፤ የሚያስፈልግዎት አርኤምኤስ የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል ነው። እሱ ካልተጻፈ ዕቃውን አዙረው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። «220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» ካለ ከግድግዳው የሚወስደው 60 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም፣ ካርቶኑ 3000 ቢልም። ለእርስዎ ሳሎን በእያንዳንዱ ቻናል ከ30 እስከ 50 ዋት አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው። የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ (በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየው ቁጥር) ግን ይታይ፤ 86 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር ባለ 89ኙን ያህል ለመጮህ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ትንሽ አምፕሊፋየርን እስከ መጨረሻው መክፈት ደግሞ ትዊተር ያቃጥላል፤ ኃይሉ ሲያልቅበት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጥና ለትዊተሩ የማይመጥን ጉልበት ወደ እሱ ይሄዳል።

ሽቦው እስከ 10 ሜትር ድረስ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ጥንድ ሽቦ ይበቃዋል። ከዚያ ከረዘመ ወይም ስፒከሩ 4 ኦም (ጀርባው ላይ የሚጻፈው የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መጠን) ከሆነ 2.5 ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ባለ 5.1 ሆም ቴአትር ገዝቼ የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ዝም ይላሉ። ፍላሽ ሰክቼም፣ በብሉቱዝም፣ በዩቲዩብም ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ ፊልም ላይ ትንሽ ሹክሹክታ ይሰማባቸዋል። ወደ ገዛሁበት ልመልሰው? (አንባቢ፣ ከዳቤ)

መልስ፦ ገና አይመልሱት። የዘረዘሯቸው መንገዶች ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ሁለት ቻናል ብቻ ነው። በብሉቱዝ ከስልክ የሚላክ ሙዚቃ ስቴሪዮ ነው፤ ፍላሽ ላይ ያለው ኤምፒስሪ ዘፈን ስቴሪዮ ነው፤ የዩቲዩብ ቪዲዮም አብዛኛው እንዲሁ። ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ቢያገናኙትም ከሁለት ቻናል በላይ አያልፍበትም። ለኋላዎቹ የተዘጋጀ ድምፅ ካልመጣላቸው ዝም ማለታቸው ትክክል ነው። በ5.1 ፊልምም ቢሆን የኋላዎቹ ሥራ ዝናብ፣ ነፋስ፣ የሚያልፍ መኪና ነው፤ ሰዎች ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ምንም ላይሰማባቸው ይችላል።

በቅድሚያ ስፒከሮቹን ይፈትሹ። በሴቲንጉ ውስጥ ቴስት ቶን የሚል አለ፤ ሲጫኑት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይሄዳል። ከኋላዎቹ ከተሰማ ዕቃው ጤነኛ ነው። ካልተሰማ የኋላውን ስፒከር ነቅለው በፊተኛው ቦታ ይስኩት፤ እዚያ ከሠራ ችግሩ ሽቦው ወይም የአምፕሊፋየሩ ያ መውጫ ነው። በዚህ ፍተሻ የሌላ ዕቃ ስፒከር አይሰኩ። በካርቶን የሚመጡት ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው፣ አምፕሊፋየራቸውም ለእነሱ የተለካ ነው።

ስፒከሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ወደ ግንኙነቱ ይሂዱ። ከቴሌቪዥኑ የሚመጣው በኤችዲኤምአይ ከሆነ በሁለቱም ዕቃዎች ላይ ኤአርሲ የሚል የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ መሰካቱን ይዩ። ከዚያ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ የዲጂታል ድምፅ ዓይነቱ ፒሲኤም ላይ ከሆነ ወደ ቢትስትሪም ወይም ወደ ዶልቢ ዲጂታል ይለውጡት። በብዙ ቤት ስህተቱ ይህች አንዲት መስመር ናት፤ ቴሌቪዥኑ 5.1 የሆነውን ድምፅ ራሱ ወደ ሁለት ቻናል ጨምቆ ይልከዋል። በኦፕቲካል ገመድም ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ያልፋል፤ ፒሲኤም ከሆነ ግን በዚያ ገመድ የሚያልፈው ሁለት ቻናል ብቻ ነው።

የፊልሙ ፋይል ራሱም ይታይ። ለፍላሽ ተብሎ መጠኑ የተቀነሰ ቅጂ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ ስቴሪዮ ወርዷል። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ከፍተው የኮዴክ መረጃውን ሲያዩ ቻናሎች በሚለው አጠገብ ስቴሪዮ ካለ ከኋላ ምንም አይጠብቁ።

ለሙዚቃ ሁሉም ስፒከሮች እንዲጮኹ ከፈለጉ ሁሉንም ቻናል ስቴሪዮ የሚያደርግ ምርጫ አብዛኞቹ ላይ አለ። ለልደትና ለድግስ ይመቻል። ቁጭ ብሎ ለመስማት ግን አንመክረውም፤ ዘፋኙ ከኋላም ከፊትም ስለሚመጣ መሀሉ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ አምፕሊፋየርና የሸክላ ማጫወቻ ተላከልኝ። ሁለቱም ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ስታቢላይዘር አለኝ፣ ይበቃል? (አንባቢ፣ ከቦኩ)

መልስ፦ አይበቃም፤ እባክዎ ችግሩን እስኪፈቱት ድረስ ዕቃውን አይሰኩት። ተራ ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን መብራት ወደ 220 ነው የሚመልሰው። ባለ 120ው ዕቃ 220 ከገባበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልቴጅ ይደርሰዋል፤ ፊውዙ ቀድሞ ካልተበጠሰ ትራንስፎርመሩ ይነድዳል። መጀመሪያ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ተንሸራታች ማብሪያ ካለ ይፈልጉ። ካለ፣ ዕቃው ሳይሰካ ወደ 230 ይገፋል። ከሌለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። መጠኑ በዕቃው ጀርባ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ በግማሽ ይብለጥ፤ አምፕሊፋየሩ 200 ዋት ካለ ባለ 300 ይግዙ። ስታቢላይዘሩን ከመስመሩ፣ ትራንስፎርመሩን ከስታቢላይዘሩ ቀጥሎ ያድርጉ። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ያጥፉት፣ ከተመለሰም በኋላ አምስት ደቂቃ ይታገሱ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው ብዙ ዕቃ የሚጎዳው።

የሸክላ ማጫወቻው ጣጣ ሌላ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ከሚገባው 17 በመቶ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኟም ድምፅ የወንድ ይመስላል። ይህ ከታየ ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ዘንግ ጫፍ ወይም ፑሊ ተፈልጎ መለወጥ አለበት። በአዳፕተር የሚሠራ፣ በዲሲ ሞተር የሚዞር ከሆነ ግን ችግር የለም፤ አዳፕተሩን ብቻ በ220 ይለውጡ።

ጥያቄ፦ ድምፅ ከፍ ስናደርግ አንዱ ስፒከር «ጥርርር» ይላል። ጥገና ቤት ወስደነው ደህና ነው ብለው መለሱልን፤ ቤት ስንመልሰው ያው ነው። (አንባቢ፣ ከፖስታ ቤት አካባቢ)

መልስ፦ ጥገና ቤት ደህና ከሆነና ቤት ከተንጫጫ የሚንጫጫው ቤቱ ነው። ባስ የሚበዛበት ዘፈን ከፍተው አንድ ሰው በየተራ የላሜራውን በር፣ የመስኮቱን ፍሬምና መስታወት፣ የኮርኒሱን ጠርዝ፣ ቡፌው ላይ ያሉትን ስኒዎች በእጁ ይያዝ። የያዘው ነገር ላይ ድምፁ ከቆመ ተገኘ። የላሜራ በር ብዙውን ጊዜ መቀርቀሪያው ላይ ነው የሚንጫጫው፤ በሩ በሚጋጠምበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ስፖንጅ ይለጥፉ። የላላ መስታወት በፑቲ ወይም በሲሊኮን ይያዛል።

ሳብውፈር ካለዎት ጥግ ላይ አይተዉት። ጥግ ባሱን ያጎላዋል፣ ግን የተወሰኑ ኖታዎችን ብቻ ነው፤ አንዱ ኖታ ይጮሃል፣ ቀጣዩ ይጠፋል። ጥሩ ቦታ ለማግኘት ሳብውፈሩን ለጊዜው የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያድርጉትና ዘፈን ከፍተው እርስዎ ግድግዳ ግድግዳውን እየተጎነበሱ ይሂዱ። ባሱ እኩልና ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የሳብውፈሩ ቦታ ነው። መቁረጫውን (ሳብውፈሩ ከየት በታች ያለውን ድምፅ እንደሚያወጣ የሚወስነውን) 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ወለሉን በቀጥታ አይንካ፤ ባስ በኮንክሪት በኩል ለታች ጎረቤት ይደርሳል፣ ወፍራም ስፖንጅ ላይ የተጣለ የእንጨት ሰሌዳ ከሥሩ ያድርጉለት።

ጥያቄ፦ የአዳማ አቧራና ሙቀት አምፕሊፋየሬን እየጨረሰው ነው። በግንቦት ሙቀት መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል፣ ድምፅ መጨመሪያውም ሲዞር ይንኳኳል። (አንባቢ፣ ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ ራሱን የሚያጠፋው ሲግል ራሱን ለማዳን ሊሆን ይችላል። ከላዩ ዳንቴል ወይም ጨርቅ ካለ ያንሱለት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ከላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፣ የዲሹ ሪሲቨርም ላዩ ላይ አይቀመጥ። ነፋስ በሚበዛበት ወቅት በየሁለት ወሩ ሶኬቱን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁና የአየር ቀዳዳዎቹን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ይጥረጉ። ከተጸዳም በኋላ የሚያጠፋ ከሆነ የስፒከሮቹ ኦም አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው በታች እንዳይሆን፣ ከስፒከር ሽቦው የተረፈች አንዲት ክር ቀዩንና ጥቁሩን እንዳታገናኝ ይዩ። ስፒከሮቹን በልብስ ብሩሽ ብቻ፣ መረቡ ላይ ይጥረጉ፤ ኮኑን በቫኪዩም መሳብ ይቀደዋል። መጨመሪያው የሚንኳኳው አቧራ ስለገባበት ነው። ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ዕቃው ተነቅሎ በመዞሪያው ቀዳዳ ጥቂት ይነፋና ከዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ያህል ይዞራል። ከመሰካቱ በፊት እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ይተዉት። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ተራውን የብረት ዘይት አይጠቀሙ፤ የሚተወው ቅባት አዲስ አቧራ ይይዛል።